ሴባስቶፖል፦ ብረቱ ቀረ፣ ዕውቀቱ ተሰደደ

  የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍሉና ተቀመጡ።

ሰሞኑን ወጣቶቻችን የጉድ ጠመንጃ ቪዲዮ እየተቀባበሉ ነው። እኔም አየሁት፤ ያስቃል። አራት አፈሙዝ እንደ ዳክዬ ጣት ተበታትኖ የተገጠመለት ሽጉጥ አለ። ቃታው ሲሳብ አራቱም ባንዴ ይተኩሳሉ፣ ግን አንዱም የፈለግኸውን ሰው ላያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1718 ጄምስ ፐክል የሚባል የለንደን የሕግ ሰው ያስመዘገበው መሣሪያ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥይት ታስቦለት ነበር፤ ለክርስቲያን ጠላት ክብ፣ ለቱርክ አራት ማዕዘን። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ ጥግ ዞሮ እንዲተኩስ ብለው አፈሙዙ የታጠፈ ጠመንጃ ሠሩ። ጥይቱ መታጠፊያው ላይ እየተሰባበረ ይወጣ ነበር፤ አፈሙዙም ጥቂት መቶ ጥይት ከተኮሰ በኋላ ያበቃለታል።

ቪዲዮውን ካዩት አንዱ «የእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ጉድ ነበራት?» ብሎ ጻፈልኝ። ነበራት እንጂ! ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ በቸርችል ጎዳና ሲወጣና ሲወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያውን አይቶታል። ሴባስቶፖል ነው። ሁላችንም የምናውቀው ስሙን ነው፤ ታሪኩን ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንተርከው። የሚቀረው ግማሽ በተለይ ለእኛ ለስደተኞች የሚነግረን ነገር ስላለው ልጻፈው አልኩ።

(በነገራችን ላይ ዓ.ም. ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ሴባስቶፖል በትክክለኛ ስሙ ሞርታር ነው። አጭር፣ ሰፊ አፍ ያለው፣ ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ ጀርባ የሚጥል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል፣ ማለትም ወደ 7 ቶን ይጠጋል ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው የተመሸገ ከተማ ከብበው ለወራት ለሚቀመጡ ሠራዊቶች ነው። በዚያ ዘመን የእኛ አገር ጦርነት ግን በአብዛኛው ሜዳ ላይ በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ፣ በጥቂት ጠመንጃም የሚካሄድ ነበር። ገደል ለገደል በሚጓዝ ሠራዊት መካከል 7 ቶን ሞርታር ምን ይሠራል? መልሱን ለማግኘት ስሙ ከየት እንደመጣ እንይ።

ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር፣ በክራይሚያ ያለ የሩሲያ ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1854 እስከ መስከረም 1855 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ከብበው አሥራ አንድ ወር ያህል በመድፍ ደበደቡት። ቀኑን ወደ እኛ ብትመልሱት ከበባው ተጀምሮ ያለቀው በአንድ ዓመት፣ በ1847 ዓ.ም. ውስጥ ነው። ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ማርያም ላይ ቅባ ቅዱስ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ የተባሉትም በዚሁ ዓመት በየካቲት ወር ነው። አዲሱ ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲወጡ የዓለም ወሬ ሁሉ የዚያች ከተማና የመድፎቹ ወሬ ነበር። ኋላ ትልቁን ሞርታራቸውን በስሟ ጠሩት።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ላጫውታችሁ። በዚያው ሰሞን እንግሊዞችም ለዚያችው ከተማ ብለው አንድ ጉድ ሠርተዋል። ሮበርት ማሌት የሚባል የአየርላንድ መሐንዲስ ሴባስቶፖልን የሚያፈርስ ሞርታር ነድፎ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ፓልመርስተንን አሳመነ። ክብደቱ ወደ 42 ቶን፣ የአፉ ስፋት 91 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ ጥይት ብቻ ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል። ሁለት ተሠሩ። ተሠርተው ያለቁት እ.ኤ.አ. በ1857 ነው፤ ከተማዋ ከሁለት ዓመት በፊት ወድቃ፣ ጦርነቱም ካለቀ ዓመት አልፎት። ለሙከራ ብቻ 19 ጊዜ ተተኮሰ፣ በየሙከራውም አንድ ነገር ሲሰበር ነበር። ጠላት ላይ አንድም ጊዜ ሳይተኮስ ዛሬ የጎብኚዎች መታያ ሆኗል።

ይህን የማነሣው ለምን መሰላችሁ? አንዳንድ ሰው የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሲያነሣ ፈገግ ይላል፤ «ያልተማረ ንጉሥ ቅዠት» ለማለት። የዓለም ትልቁ ኢንዱስትሪ የነበራት፣ ፋብሪካና ባቡር የሞላት እንግሊዝ በዚያው ዘመን በዚያው ስም ከዚህ ስድስት እጥፍ የከበደ የማይረባ መድፍ ሠርታለች። ልዩነቱ እንግሊዝ እንደዚያ ተሳስታ ስታበቃ ሌላ ሺህ መድፍ ነበራት። እኛ አንድ ነበረን።

ንጉሡ መድፍ ለምን እንዲህ አማራቸው? በ1840 ዓ.ም. ገና ካሳ በሚባሉበት ጊዜ ከሱዳን ድንበር አካባቢ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ነበር። የእኛ ሰዎች «ቱርክ» የሚሉት ያ ጦር በምሽግ ውስጥ ሆኖ፣ በሥርዓት ተሰልፎ፣ በመድፍ ጠበቃቸው። በጀግንነት የሚታወቀው ሠራዊታቸው ምሽጉ ሥር ረገፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሳ ሁለት ነገር ሲያሳድዱ ኖሩ፤ ሥርዓት ያለው ወታደርና መድፍ።

መድፉን በብር ከመግዛት ይልቅ ሊሠሩት ፈለጉ። ለዚህ ነው በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ዙሪያ የሆነው ሁሉ የሆነው። ለአውሮፓ ነገሥታት ሲልኩ ከምንም በላይ የሚፈልጉት ባለሙያ ነበር፤ የሚሠራና የሚያስተምር ሰው። መልስ ሳይመጣ ቀረ። እሳቸውም ተቆጥተው በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩ፤ ደብዳቤ ይዞ ዘግይቶ የመጣውን ሆርሙዝድ ራሳምንም ኋላ አሰሩት። የመቅደላ ጦርነት የተነሣው ከዚህ ነው።

ታዲያ መድፉን ማን ሠራው? እዚህ ላይ ነው የእኛ የስደተኞች ታሪክ የሚገባው።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። ንጉሡ እዚያ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ፤ በአንድ እጅ መጽሐፍ በሌላው የእጅ ሙያ ይዘው የሚላኩ ሰዎች። ከእነሱ የታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ነው። የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ፣ እንደ አገሩ ሰው ሆኖ ይኖር ነበር። አብሯቸው ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከክራኮቭ የመጣ ሰው ነበር። ይሁዲ ሆኖ ተወልዶ ፕሮቴስታንት የሆነ ፖላንዳዊ ነው። በዚያ ዘመን ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ሦስት ኃያላን ተከፋፍለዋት ነበር። ማለት፣ አገር የሌለው ሰው ነው ጋፋት ላይ ለእኛ ንጉሥ መድፍ ሠሪ የሆነው።

ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች መድፍ ሥሩ ሲባሉ ሙያችን አይደለም ብለው ነበር። ንጉሡ ግን ሞክሩ አሉ። የንጉሥ «ሞክሩ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛም ወደ ሰው አገር ስንገባ በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት «ሙያህ ምንድን ነው?» ተብለን ያልተጠየቅን የለንም። በስደት ላይ ያለ ሰው የሚመዘነው እጁ በሚያውቀው ነው፤ ከነዚያ ሰዎች ጋር ያመሳሰለኝ ይህ ነው። የሚፈለግ ነገር እስካወቅህ ድረስ እንግዳ ነህ፣ ሙሽራ ነህ። ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ያው ዕውቀትህ እንዳትሄድ ማሰሪያ ይሆናል። የጋፋት ሰዎች መጀመሪያ በክብር ኖሩ፣ ሸማና በቅሎ ተሸለሙ። ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ጠብ ሲከር ግን እንደ ልባቸው መውጣት የማይችሉ ሆኑ።

ይህም ለኛ ብቻ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1453 የቁስጥንጥንያን ግንብ የመታውን ታላቅ መድፍ የሠራው ኦርባን የሚባል የሃንጋሪ ሰው ነበር። መጀመሪያ ሙያውን ያቀረበው ለከተማዋ ለራሷ ንጉሠ ነገሥት ነው። የሚከፍለው ቢያጣ ወደ ሱልጣን መሐመድ ሄደ። የተንከራተተ ባለሙያ ሁልጊዜ የሚጠጋበትን በር ያንኳኳል፤ የከፈተለት ይጠቀማል።

ሞርታር መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያ የጭቃ ቅርጽ ይዘጋጃል። ቅርጹ እስከ ውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት፤ ትንሽ እርጥበት ከቀረ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው ውኃው ባንዴ ተኖ ሁሉንም ያፈነዳዋል። ምድጃው ደግሞ ነሐሱን የሚያቀልጠውን እሳት ራሱ የሚችል ጡብ ይፈልጋል። 7 ቶን በአንድ ምድጃ ስለማይቀልጥ ብዙ ምድጃ ይነድዳል፤ ከሁሉም የሚፈሰው ሳይቋረጥና ሳይበርድ ካልተገናኘ መድፉ ውስጡ እየተነባበረ ይቀራል፣ ሲተኮስም ይሰነጠቃል። ጋፋት ላይ ከብዙ ሙከራና ከብዙ ክሽፈት በኋላ ነው የተሳካው። አጠገባቸው ያገራችን ልጆች ከሰል ሲያቀርቡ፣ ወናፍ ሲነፉ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ሲያዩና ሲማሩ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ቡዳ» እየተባለ በሚገለልበት አገር ነው። ንጉሥ ራሱ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር።

እንግዲህ መድፉ ተሠራ። ከዚያ በኋላስ?

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ጦር ሊመጣ መሆኑ ተሰማ። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሸፍቶባቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ እየጎተቱ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ባዶ እጁን የሚሄድ ገበሬ ያንን መንገድ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል።

መንገድ የለማ! መንገዱ መሠራት ነበረበት። ጅዳ ገደል አለ፣ በሺሎ ገደል አለ፤ እያንዳንዱ ወደ 1,000 ሜትር ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ዛፍ እያስቆረጡ፣ ዓለት እያስፈነዱ መንገድ አስወጡ። ያን አንድ ሞርታር ለመጎተት ወደ 500 የሚሆን ሰው ያስፈልግ ነበር። አቀበቱ ላይ ሁሉም በጠፍር ይጎትታል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሁሉም ወደኋላ ተንጠልጥሎ ይይዛል፤ ካመለጠ ከፊት ያለውን ሁሉ ጨፍልቆ ነው የሚወርደው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ሁሉ ሰው ይበላል። ሠራዊቱ በሄደበት የገበሬው ጎተራ ይራቆታል። ቤጌምድር ቀድሞም ተዘርፎ ነበር፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላለች። ገበሬው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከመንገዱ ሸሸ። መድፉ ጠላት ሳይነካ የራሱን ሰው አሰደደ። ንጉሡን የምወዳቸው ሰዎች ይህን ስጽፍ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ከቤታችን የተፈናቀልን ሰዎች ሆነን የዚያን ዘመን ተፈናቃይ ካልቆጠርነው ማን ይቆጥረዋል?

ወዲህ ደግሞ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሦስት ወር አካባቢ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ወደ 13,000 ወታደር፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ ቁጥር ስፍር የሌለው በቅሎና ግመል ነበረው። ከባዱን መድፍ ዝሆን ይሸከማል፤ ለተራራ የተሠራው ትንሹ የብረት መድፍ ደግሞ ተፈታቶ በበቅሎ ጀርባ ይጫናል። አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር፦ ጅዳና በሺሎ ላይ ሲደርሱ የወረዱትና የወጡት አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ብለው ባስወጡት መንገድ ነው። ሴባስቶፖል ለጠላት መንገድ ጠረገለት።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጎድጓድ ባለበት አሮጌ ሜዳ ላይ ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመሩ ከተራራው ወረዱ፤ እዚያው ወደቁ። ከፋህላ ተራራ ላይ የተተኮሱት መድፎች አረራቸው ከእንግሊዞቹ አናት በላይ እያለፈ ከኋላ ወደቀ። ከወገን ወደ 700 ሰው ሞተ። ከእንግሊዝ በኩል በቁስሉ የሞተው ሁለት ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ የትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡም እጅ አልሰጥም ብለው ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ልካላቸው በነበረ ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ሴባስቶፖልስ? ድሉን አላመጣም። «ሲተኮስ ፈነዳ» የሚል ወሬ አለ። ነገር ግን የፈነዳ መድፍ ቁርጥራጭ ነው የሚሆነው፤ ሴባስቶፖል አካሉ ሳይጎድል ዛሬም መቅደላ ላይ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተጋድሟል። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ እህል የበላው መሣሪያ የጦርነቱን ውጤት በአንዲት ጣት አልነካም።

የ7 ቶን ክብደት ግን አንድ ነገር ጠቅሟል። እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ዘረፋውን ለመሸከም 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈለጋቸው። ዘውድ ሄደ፣ ጽዋ ሄደ፣ ታቦት ሄደ፣ በመቶ የሚቆጠር ብራና ሄደ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ሄደ፤ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በመንገድ ላይ ሞት ወሰደበት፣ እሱም በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ከሌሎቹ መድፎች ብዙዎቹን አፈነዷቸው። ሴባስቶፖል ቀረ። ሊሸከሙት ስላልቻሉ ቀረ። ተራራው ላይ የወጣው በወገን ጉልበት ነው፤ የሚያወርደው ጉልበት ከእንግዲህ አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ብረቱ ቀረ፣ ዕውቀቱ ግን በዚያው ሳምንት ወጣ።

ናፒየር አውሮፓውያኑን በሙሉ ይዞ ነው የተመለሰው፤ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር። ምድጃውን የሚያነድደው፣ የጭቃውን ልክ የሚያውቀው፣ የነሐሱን ቀለም አይቶ «በቃ፣ ደርሷል» የሚለው ሰው ሁሉ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ወረደ። ከእነሱ አጠገብ የሚማሩት ያገር ልጆች ጦርነቱ በተናቸው። ጋፋት ጸጥ አለች። አገራችን እጇ ላይ የቀረው ማንም ሊደግመው የማይችል አንድ መድፍ ነው።

የሄዱት ሰዎችስ የት ደረሱ? ቫልድማየር ሊባኖስ ገባ። ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ቀጥሎ ከቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ በሚባል ስፍራ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያ አካባቢ የአእምሮ በሽተኛ በሰንሰለት ይታሰር በነበረበት ዘመን ነው። ሰንሰለት ምን እንደሆነ ከመቅደላ የሚያውቅ ሰው፣ የታሰሩትን የሚያስፈታ ቤት ሠራ። በእኛ አገር መድፍ ያፈሰሰ እጅ በሌላ አገር ሆስፒታል አቆመ ማለት ነው።

ሞሪትዝ ሆል ደግሞ ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን ባለቤቱን ካታሪናን ይዞ ያፋ ከተማ ገባ። በዚያው በጦርነቱ ዓመት የተወለደች ማግዳሌና የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ማግዳሌና አድጋ አገሩን ትቶ ከወጣ ኡስቲኖቭ ከሚባል የሩሲያ ባላባት ጋር ተጋባች። የልጅ ልጃቸው ፒተር ኡስቲኖቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ተወለደ። ስሙን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ፣ ለብዙ ዓመታትም የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር። አገር ከሌለው መድፍ ሠሪና ከጎንደር ሴት ዘር ነው የተገኘው። ዛሬ በካምፕ ውስጥ የዩኒሴፍ ድንኳን ሥር ፊደል የምትቆጥር ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን አስቡት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ ማጠቃለያው እሄዳለሁ። አሮጌ ላይ ሰውን የጨረሰው ትልቅ መድፍ አልነበረም። አንድ ሰው ትከሻው ላይ የሚይዘው፣ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። የነደፈው ያዕቆብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ቀድሞ የወይን ጠጅ ነጋዴ የነበረ። ሥራው በዓለም ሲናኝ እሱ እ.ኤ.አ. በ1866 ለንደን ውስጥ ድካሙ ሳይከፈለው ሞተ። የእኛ ሰዎች ስሙን «ሰናድር» አሉት። እንግሊዞች ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ ለሆኑት፣ መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ አዲስ መሣሪያ በለወጠ ቁጥር አሮጌው ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ውጅግራ የፈረንሳይኛ ስም ነው፣ አልቤን የጣሊያን ስም፣ ምንሽር የኦስትሪያ ስም። ያንዱንም አሠራር ሳንማር ስሙን ተቀብለን፣ ዘፈን አወጣንለት፣ ልጆቻችንን ሰየምንበት። ሴባስቶፖል በጅልነቱ ይሳቅበት ይሆናል፤ እኛን ከቤታችን ያስወጣን ግን ቀላሉ፣ ምቹው፣ የማይስቁበት ጠመንጃ ነው። ከአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው።

እና ወገኖቼ፣ እንዲህ ነው የማስበው። አፄ ቴዎድሮስ የጠየቁት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ «ሥራውን አስተምሩን» ነው ያሉት። ስሕተቱ ትምህርቱን ሁሉ በአንድ ብረት ላይ ማፍሰሱ ነው። ጋፋት ላይ ማረሻ፣ ወፍጮ፣ መጋዝ፣ መንኰራኩር በስፋት ተሠርቶ ቢሆን፣ ተማሪዎቹ በየመንደራቸው በተበተኑ ጊዜ ሙያቸው አብሮ ይበተን ነበር። መድፍ የሚሠራ ሰው ግን ያለ ንጉሥ ሥራ የለውም። ንጉሡ ሲሞቱ ሙያውም አብሮ ሞተ።

እኛ የዘመናችን የጋፋት ሰዎች ነን። እዚህ ካምፓላ ውስጥ ብቻ ስንት ሰው አለ? ፈቃድ ስላላገኘች ቡና የምትሸጥ ነርስ አለች፣ በሰው ሱቅ ደጃፍ ስልክ የሚጠግን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አለ፣ ቦዳ ቦዳ የሚነዳ የሂሳብ መምህር አለ። የአገራችን ዕውቀት እንደዚያን ጊዜው ዛሬም በእግሩ ወጥቷል። ልዩነቱ አሁን የወጣው ፈረንጁ አይደለም፤ እኛው ነን። የት እንደምናፈሰው የምንወስነውም እኛው ነን።

የምለው ለሁላችሁም ይግባችሁ። በየቡድናችን ለብረት መዋጮ ሲባል ኪስ ባንዴ ይከፈታል፤ ለቅዳሜው የልጆች ትምህርት የቤት ኪራይ ሲባል «ወር ይለፍ» ይባላል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ቁጭቱን አውቀዋለሁ፣ እኔም አለብኝ። ግን 500 ሰው ስድስት ወር የጎተተውን ነገር አስቡ። ያ ጉልበት፣ ያ ጠፍር፣ ያ ገንዘብ በልጆች ላይ ቢውል ኖሮ መቅደላ ላይ ከተጋደመው ብረት ሌላ ብዙ ነገር ይቀረን ነበር።

እንግዲህ ሥራ እንጀምር። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ሁለት ነገር ጻፉልኝ፦ እጃችሁ የሚያውቀው ሙያ ምንድን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ልታስተምሩ ትችላላችሁ? ልብስ ስፌት ይሁን፣ ብየዳ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሉጋንዳ፣ ቆዳ ሥራ፣ ምንም ይሁን። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ። እናቶች፣ እናንተም ጻፉ፤ ጥልፍና ሽመና ሙያ አይደለም ያለው ማነው? በደቡብም በሰሜንም፣ በናይሮቢም፣ በጁባም፣ በካኩማም ያላችሁ የየአካባቢያችሁን ጻፉ። እኔ ስሙን ሳላወጣ ሙያውንና ቦታውን ብቻ ለይቼ እመዘግባለሁ፤ ተማሪና አስተማሪ እናገናኛለን። ከደብረ ታቦርና ከወሎ አካባቢ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ ስለዚያ ጉዞ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ በድምፅም ቢሆን ላኩልኝ። ማንበብ ለማይችሉ ዘመዶቻችሁ አንብቡላቸው።

በቸር ያገናኘን።